ሞተሩማ ልክ ነው

ጋሽ ሞተሬ ከማለዳ ጀምረው ከአንድ ሳጥን ጋር ተጣልተዋል። ሳጥኑ ኢንቨርተር ይባላል፤ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀን ከጣሪያው ሶላር የሚመጣውን ኃይል ባትሪ ውስጥ ያጠራቅማል፣ ማታ ያንኑ አውጥቶ ለቤቱ ያድላል። ሰማዩ ሲዳምን ደግሞ ጓሮ ያለው ጀነሬተር ተነስቶ ባትሪውን እንዲሞላ ነው የታሰበው። ጀነሬተሩ ይነሳል፣ ያጓራል፣ ቤንዚኑን ይጠጣል። ሳጥኑ ግን አሻፈረኝ ብሏል። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትልና ጠፍታ ትቀራለች። ሰው እንኳ የመጣበትን እንግዳ ከበር ሲመልስ ምክንያት ይሰጣል፤ ይሄ ግን ትንፍሽ አይልም።

«ምን አባቱ ጎደለበት?» አሉ ጋሽ ሞተሬ፣ ሰው ያለ ይመስል።

ጋሽ ሞተሬ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ጋራዡ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። አውቶቡስ ታሞ ሲመጣ ሌላው ሰው መክደኛ ይከፍታል፣ ብሎን ይፈታል። እሳቸው ግን የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትንሽ ቆይተው «ሦስተኛዋ ቫልቭ ናት» ይላሉ። ሲከፈት ሦስተኛዋ ቫልቭ ናት። መለኪያ ይዘው የመጡትን ወጣቶች «እናንተ ቁጥር ስታነቡ እኔ ምሳዬን እበላለሁ» እያሉ ያበሽቋቸው ነበር፤ ወጣቶቹም ሲቸግራቸው ወደ እሳቸው መምጣታቸው አልቀረም።

ጤነኛ ሞተር፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ማንም የሚሰማው ወፍራሙ ጉርምርምታ ነው። ሁለተኛዋ ከላይ የምትሄድ ናት፣ ከፉጨት ያነሰች። እሷን «ቀጭኗ» ይሏታል። ሞተር ሲያስተካክሉ ፍጥነቱን የምታዘውን ብሎን ቀስ እያሉ ያጠብቃሉ፤ ቀጭኗ ስትመጣ እጃቸውን ያነሳሉ። በቃ፣ ሞተሩ ልክ ነው። በዚህ አሠራር ስንትና ስንት አውቶቡስ አገር ለአገር ዞሯል።

ጡረታ ሲወጡ የመብራት መስመር ካለቀበት ምሰሶ አልፎ ያለውን ቦታ ገዙ። ርካሽ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እሳቸው ግን «ለመብራት ደጅ መጥናት ሰልችቶኝ ነው» ይላሉ። ሶላሩን ራሳቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው ሰቀሉ፣ ሽቦውን ራሳቸው ዘረጉ፣ ለጀነሬተሩ ራሳቸው ቤት ሠሩለት። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች «ለጀነሬተሩ የሠራኸው ጣሪያ ከወጥ ቤቴ ጣሪያ ይሻላል» ትል ነበር። እውነቷን ነው። አሁን እሷ የለችም፤ ቤቱ ውስጥ እሳቸውና ባትሪዎቹ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እስከ የዛሬ ወር ድረስ ደህና ነበር። ችግሩ ሳንባቸው ነው። የጋራዥ ጭስ ዕዳውን በእርጅና ያስከፍላል፤ ሐኪሙ ማታ ማታ አፍና አፍንጫ ላይ ጭምብል የሚታሰርለት የመተንፈሻ መሣሪያ አዘዘላቸው። ቀን እንደ ልባቸው ናቸው። ማታ ግን መሣሪያው ከቆመ ትንፋሻቸው ያጥራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቋረጣል። ታዲያ ሰማዩ ተደፍኖ በሰነበተበት በዚህ ሰሞን፣ ጀነሬተሩ እምቢ በተባለበት ሰሞን፣ ባትሪው ሌሊት ላይ አለቀ። ጠዋት ጎረቤታቸው አናጢው ሚስማር ሊዋስ ሲመጣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ በሩን ተደግፈው፣ የማይያያዝ ነገር ሲያወሩ አገኛቸው። ለልጃቸው የደወለላት እሱ ነው።

ልጅ መጣች፣ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፣ ሲሻላቸው መልሳ አመጣቻቸው። ከዚያ እንደ ዳኛ ቆማ ፈረደች።

«እሁድ እመጣለሁ። መብራትህ ከተስተካከለ እዚሁ ትቆያለህ፣ ቃሌ ነው። ካልተስተካከለ ግን ተሸክሜህም ቢሆን እወስድሃለሁ።»

እሳቸውም ድካም ላይ ስለነበሩ እሺ አሉ። ዛሬ እሁድ ነው።

ልጃቸው የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቷ ሲከፈት የሚታየው የሌላ ፎቅ መስኮት ነው። ጋሽ ሞተሬ አንዴ ሦስት ቀን እዚያ ከርመው፣ የሰው ካልሲ ሲሰጣና ሲነሳ እያዩ ውለው ተመልሰዋል። ጓሮ የለም፣ የሚፈታ ብሎን የለም። «እዚያ ከምኖር እዚህ ብሞት ይሻለኛል» ብለው ለአናጢው ነግረውታል። አናጢው የሆነ ነገር መልሶላቸው ነበር፤ ግን ይሄ ሰውዬ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አፉ ውስጥ ነው የሚያወራው። ጥርሱ እያለቀ ስለሆነ ነው ብለው ዝም አሉት።

ከረፋዱ ላይ የልጅቷ ፒካፕ በር ላይ ቆመ። ከማን እንደተዋሰችው አይታወቅም። ጋሽ ሞተሬ መጀመሪያ ያዩት ከኋላ የተጠቀለለውን ገመድ ነው።

«እሜቴ፣ ገመዱ ለምንድን ነው?»

«ለአልጋህ።»

«አልጋዬ ምን አደረገሽ?»

«ምንም። አንተ ነህ ያደረግኸኝ» አለች፣ ድምፅዋ አጥሩን አልፎ እየሄደ። ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲደበድብ የሚውልበት ቦታ የኖረ ሰው በለሆሳስ ማውራት ይረሳል፤ እሷ ስትጠይቅም ስትቆጣም ስታመሰግንም እኩል ትጮኻለች። «ተስተካከለ?»

«ሞተሩማ ልክ ነው። ሳጥኑ ነው የባለገው።»

ልጅቷ እጀታዋን ሰበሰበች። ይሄ አናደዳቸው። ካልተስተካከለ የምትጠቀመው እሷ ሆና ሳለ፣ እንዲህ ፈጥና ለመርዳት መነሳቷ አላማራቸውም።

ሁለቱ ቀኑን እንዲህ አጋመሱት። ከጀነሬተሩ ወደ ቤት የሚመጣውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት፣ ደህና ነው። ብሬከሩን ቀየሩ፣ ለውጥ የለም። ካንዴላውን ፈትተው አጸዱት፣ ፊልትሮውን አራገፉት። ጀነሬተሩ ጮኸ፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፣ ጠፋች። ሶኬቱን ነቅለው ሰኩ። ብልጭ ድርግም፣ ጠፋች። ጋሽ ሞተሬ ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

«እሱን መምታት ምን ይጠቅማል?»

«እኔን ይጠቅመኛል» አሉ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ብስጭታቸው ሳጥኑ ላይ ብቻ አልነበረም። የእጃቸው ሥራ፣ የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ሽቦ ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን የሰው ሞተር ሲያድን ኖሮ የገዛ ጓሮው ውስጥ ሲሸነፍ ምን ይባላል? ያውም ገመድ ይዛ የመጣች ልጅ ፊት።

«በቃ ሳጥኑን እንተወው። መተንፈሻዬን በቀጥታ ከጀነሬተሩ ላይ ሰክቼ አድራለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ሌሊት ቤንዚን ሲያልቅ ማን ይሞላል? አንተ? ጭምብል አጥልቀህ?»

ነገሩ የሌላ ሰው አባት ጉዳይ ቢሆን እሳቸውም ይህንኑ ይሉ ነበር።

ኢንቨርተሩን የሸጠላቸው ባለሙያ ጋ ደወሉ። ልጅቷ ስልኩን ድምፁን ከፍታ በመሃላቸው ያዘችው። ጋሽ ሞተሬ ሰውዬው የሚለውን በቅጡ ሊይዙት አልቻሉም፤ «ስልኩ ይንጫጫል» አሉ። እሷ ደገመችላቸው።

«የጀነሬተሩ ፍጥነት ልክ ላይሆን ይችላል ነው የሚለው።»

«ንገሪው፣ ሞተሩ ልክ ነው። ቮልቱም ይኸው፣ ሁለት መቶ ሠላሳ። ዓይን ያለው ያንብብ።»

«ቮልቱ ልክ ሆኖ ፍጥነቱ ሊዛባ ይችላል ይላል። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ጫን ስታደርገው የሚቀጥለው ገጽ ላይ ፍሪኩዌንሲ የሚል አለ፤ ፍጥነቱን የሚናገረው እሱ ነው። ሃምሳ መሆን አለበት። ሁለትና ሦስት ወዲህ ወዲያ ቢል ይታገሳል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ዕቃ እንዳያቃጥል ብሎ አይቀበልም።»

ልጅቷ ቁልፉን ጫነች። ጋሽ ሞተሬ ሳጥኑን ከሰቀሉት ጀምሮ ያን ቁልፍ ነክተውት አያውቁም፤ መጀመሪያ የሚታየው ገጽ ላይ ቮልት ተጽፎ እያለ ሁለተኛውን ምን ይሠሩበታል?

«ሃምሳ ሰባት» አለች።

«ውሸት ነው።»

«አባዬ፣ ይኸው ተጽፏል።»

«ታዲያ የጻፈው ማን ሆነና? ራሱ አይደል? ተከሳሹ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል እንዴ?»

ቀና ብለው አዩዋት። ሐሳቡ መጥቶባቸው ነበር፤ ከሰውዬው ጋር ተነጋግራ ይሆናል፣ ቁጥሩን አንድ ነገር አድርጋው ይሆናል፣ አልጋው እንዲጫን የምትፈልገው እሷ ናት። ወዲያው በራሳቸው አፈሩ። ኀፍረቱ ደግሞ ንዴታቸውን አባባሰው።

መኝታ ቤት ገብተው፣ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የሸለማቸውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ከነካርቶኑ አመጡ። ካርቶኑ ተከፍቶ አያውቅም። ባትሪ ከግድግዳ ሰዓቱ ነቅለው አስገቡለት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በገዛ እጃቸው ጀነሬተሩ ላይ ሰክተው አነበቡ። ሃምሳ ሰባት። ነቅለው አራገፉት፣ መልሰው ሰኩት። ሃምሳ ሰባት። ሳጥኑና መለኪያው ተዋውቀው አያውቁም፤ ተመካክረው ሊዋሹ አይችሉም።

«ይሄን ጀነሬተር በቅርቡ ነክተኸዋል?» አለች ልጅቷ።

«ካርቡራቶሩን አጠብኩት። ቆሞ ስለከረመ ቆሽሾ ነበር። ከዚያ ፍጥነቱን አስተካከልኩ።»

«በምን?»

«በምን ይባላል? በጆሮዬ ነዋ።»

ልጅቷ ከመለኪያው ቀና ብላ አየቻቸው።

«ምን ትታዘቢኛለሽ?» አሉ። «ነይ፣ አሳይሻለሁ። አንቺ መለኪያውን ያዢ፣ ለእኔ አታሳዪኝ።»

ጓሮ ወጡ። ብሎኗን እስከ መጨረሻው አላሏት፤ ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ካቻቢቴያቸውን ሞተሩ ላይ ተከሉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስ እያሉ አጠበቁ። ወፍራሙ ድምፅ ወጣ፣ ጠነከረ። ቀጭኗ የለችም። ጨመሩ። የለችም። ትንሽ ጨመሩ፤ ከሩቅ የመጣች መሰለቻቸው። ጨመሩ። አሁን መጣች። እጃቸውን አነሱ።

«ስንት አለ?»

«ሃምሳ ሰባት።»

ብሎኗን አላልተው እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው ዙር ረጅም ጊዜ ወሰዱ፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ቀጭኗ መጣች፣ እጃቸውን አነሱ።

«ሃምሳ ሰባት» አለች ልጅቷ፣ በእሷ ልክ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን መለኪያውን አጥር ይወረውረው ነበር። ጋሽ ሞተሬ ግን ጋራዥ ያደጉ ናቸው። አንድ ዕቃ ሁሌ በአንድ ዓይነት መጠን ከሳተ ዕቃው ውስጥ ያለቀ ነገር አለ ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ለሌሎች ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ቀጭኗ ድሮ በምትገኝበት ቦታ ላይ ስለማትሰማቸው፣ እስክትጮህላቸው ድረስ ሞተሩን ሲያስሮጡት ነበር።

«ቁጥሩን ጥሪልኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከብሎኗ ሳያነሱ።

«ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ሦስት። ቀስ በል። ሃምሳ አንድ። በቃ።»

ለእሳቸው የሚሰማው ጉንፋን የያዘው ሞተር ነው። ድምፁ ታፍኗል፣ ደንዝዟል። እንዲህ ያለ ሞተር ከጋራዥ አስወጥተው ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

«ቀጭኗ የለችም» አሉ።

ልጅቷ ጆሮዋን አዘነበለች። «ከላይ እንደ ፉጨት የምትሄደውን ነው? እሷማ አለች።»

ጋሽ ሞተሬ ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከተቱ።

ኮሪደሩ ውስጥ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፣ ብልጭ ድርግም አለች፣ ከዚያ ጸንታ በራች። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ባትሪው መሞላት ጀመረ። የስንት ቀን እርግማን የበላ ሳጥን ያለ ጥፋቱ ነበር ማለት ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ይሉ የለ።

«እንግዲህ አሸነፍክ» አለች ልጅቷ። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ቃሌ ቃል ነው፣ ትቆያለህ። ይህችን መተንፈሻህን ልየውና እሄዳለሁ።» መኝታ ቤት ገብታ መሣሪያውን አበራችው፣ ጭምብሉን ጠራረገች፣ ሲሠራ አይታ እንደበራ ትታው ወጣች።

ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፣ አላላቸውም። ሌባ ቤታቸው ገብቶ፣ ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ወር ሙሉ በር ሲቆልፉ እንደከረሙ ሆነው ተሰማቸው። ግን ደግሞ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ከእንግዲህ ሞተር በመለኪያ ያስተካክላሉ፣ አለቀ። ይህ ሐሳብ መልሶ አጽናናቸው። እንደ ልማዳቸውም ሥራውን አንዴ ከመጀመሪያው ሊደግሙት ፈለጉ፤ አንድ ጊዜ የተሳካ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ጀነሬተሩን አጠፉ፣ ጓሮው ጭር አለ። ኮሪደሩ ውስጥ የቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ዝቅ አደረጉት።

ልጅቷ ደጅ ፒካፑ ጋ ነበረች። በሩን ገፍታ ሮጣ ገባች፣ በአጠገባቸው አልፋ ወደ መኝታ ቤት ታጠፈች።

«ምን ሆንሽ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ።

«እሱ ነው እንዴ? ደነገጥኩ እኮ፣ ሲጮህ ጊዜ።»

«ምኑ ነው የሚጮኸው?»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። ወደ መሣሪያው አየች፣ ወደ እሳቸው አየች። ጋሽ ሞተሬ አልፈዋት ገቡ። መሣሪያው ላይ አንዲት ቀይ መብራት ትርገበገባለች። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ከዚያም ሌላኛውን አስጠጉ። እጃቸውን ጫኑበት። ቀይዋ መብራት በጣቶቻቸው መሃል ትርገበገባለች እንጂ ቤቱ ለእሳቸው ጸጥ ያለ ነው።

«ኃይል ሲቋረጥ ነው እንዲህ የሚለው» አለች ልጅቷ። «እንዲቀሰቅስህ።»

«ያን ሌሊትም ብሏል ማለት ነው።»

«አባዬ፣ ተወው በቃ። ድምፁ የሚያስበረግግ ሌላ ይገኛል። እኔ ፈልጌ አመጣልሃለሁ፤ እዚሁ ትሆናለህ።» ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እሱን ጥርት አድርገው ሰሙት።

ጋሽ ሞተሬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት ነው የሚለው? እስቲ በይልኝ።»

«ምን?»

«ድምፁን። አንቺ በይልኝ።»

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ እንደ ሕፃን ከንፈሯን ሰብስባ አለችላቸው፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ትንሽ ቆም ትልና ደግሞ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

አባቷ እስክትጨርስ በጥሞና አዳመጡ፣ የአውቶቡስ ሞተር እንደሚያዳምጡት።

«ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ እያለኝ ነበር?»

«የራሱ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ይጮኻል።»

ቀይዋ መብራት ትርገበገባለች።

«ያ ፎቅሽ ሊፍት አለው?» አሉ።

«የለውም።»

«እንግዲህ ቀስ እያልን እንወጣለን» አሉና ጫማቸውን ፍለጋ ጎንበስ አሉ።